ነብሮ በራፍ ላይ፣ ውሮ ምድጃ ዳር

ተቀመጥ እንጂ፤ ገና አቦሉን ነው የጠጣነው። ቶናው እየተንተከተከ ነው፤ ቆሎውም አላለቀም። ደግሞስ በዚህ ብርድ የት ትሄዳለህ? ይህ ከሊማሊሞ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ጋቢ አልፎ ይገባል። ሳብ በል ወደ ምድጃው።

ስትገባ ውሻዬ ነብሮ ጮኸብህ አይደል? አትቀየመው፤ ድምፄን እስኪሰማ ነው። እንግዳ መሆንህን እንጂ ወዳጄ መሆንህን በምን ያውቃል? አሁን በራፉ ላይ ተጋድሞ አንድ ጆሮውን ወደ እኛ አቁሟል። ውሮን ደግሞ ተመልከታት፤ ምድጃው ሥር አመዱ ላይ ተጠቅልላለች። የግራ ጢሟን እሳት ልሶት አጥሯል። ስንቴ ከዚያ አነሣኋት! አንሥቼ ሳልጨርስ ትመለሳለች። “ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” ያሉት እንዲህ ያለችውን አይተው መሆን አለበት።

ዛሬ ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ላጫውትህ። ስለ በሬው፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ በጉ ስናወራ ነው የምንውለው፤ የበሬ ጉልበት የማይመዝን፣ የበቅሎ ዋጋ የማያውቅ ማን አለ? ውሻና ድመት ግን ከቤታችን ሳይጠፉ ከወሬያችን ጠፍተዋል። አነጋገራችንም ቢሆን ለውሻ ደግ አይደለም። ሰው ልናዋርድ ስንፈልግ የሱን ስም እንጠራለን፤ አንድ ሰው ሞቶ ጠያቂ ሲያጣ “ደመ ከልብ ሆነ” እንላለን። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ይባረራል። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው ግን ያስታውሳል፤ ልጁ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ያን ሁሉ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮ ሄዷል። ከመልአክ ጋር መንገድ የሄደ ፍጥረት ነው እንግዲህ።

እና ምን ልል ነበር? አዎ፣ ስለ ምግባቸው። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል። ለመሆኑ ምን በልቶ ነው የሚጮኸው? በአብዛኛው ቤት የተረፈ እንጀራ፣ የሌማት ፍርፋሪ፣ የዕቃ እጣቢ፣ በበዓል ደግሞ አጥንት ነው። እንጀራው ክፉ አይደለም፤ ውሻ ከሰው ጋር በኖረበት ብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ እህል መፍጨት ለምዷል። ጣጣው ወጡ ላይ ነው። የእኛ ወጥ በምን ይጀመራል? በሽንኩርት። ለአንድ የዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚከተፍ ዓይኗ ሲያነባ የዋለችውን ሴት ጠይቃት። ያ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱም ጭምር፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ድመት ላይ ይብሳል። አንድ ቀን ድስት ስለላሰ ላይታወቅበት ይችላል፤ ሲደጋገም ግን ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ደረጃ መውጣት እንኳ ያደክመዋል። እኛም “አርጅቷል” እንላለን።

አጥንቱስ? የዶሮ አጥንት ሲበስል ይደርቅና ሲቆረጠም እንደ መርፌ እየሾለ ይሰበራል። ጉሮሮ ይወጋል፣ አንጀት ይበሳል። በፋሲካ ማግስት ስንት ውሻ ሲያስለው፣ ሲያስመልሰው፣ ሆዱን ይዞ ሲንፈራገጥ አይተናል፤ ምክንያቱን ግን “ጥጋብ ነው” ብለን አለፍነው። ስለዚህ እኔ ቤት የዶሮ አጥንት ለውሻ አይሰጥም፤ ይቀበራል። ቂንጬ ሲሠራ ጨውና ቅመም ሳይነካው አንድ ሁለት ጭልፋ ይነሣለታል። ሥጋ ሲዘለዘል የሚወድቀውን ጅማትና ቁርጥራጭ በባዶ ውኃ ቀቅለን እሱ ላይ እናደርግለታለን። ብዙ ወጪ ነው? አይደለም። ድስቱ ገና ምድጃ ላይ ሳይወጣ ማሰብ ብቻ ነው።

ውኃም አለ። ያችን የተቆረጠች ጀሪካን በር ላይ አየሃት? የሱ ናት። በየማለዳው ትታጠባለች፣ ትሞላለች። ወደ ላይ ወደ ጨነቅ በኩል ብትሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውኃው ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ እዚያ ያለ ሰው ጠዋት በእንጨት መታ አድርጎ ካልሰበረለት ውሻው ውኃ እያየ ይጠማል።

እንካ፣ ቶናህ። ስኳር ጨምር፤ ትወዳለህ አውቃለሁ።

የድመቷ ነገር ግን ይለያል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤተሰቡ ሽሮና ምስር በልቶ ይጾማል፤ ውሻውም ሽንኩርት ሳይገባ ከተነሣለት ይካፈላል፣ እንደ ምንም ይወጣዋል። ድመት ግን ሥጋ በሊታ ሆና ነው የተፈጠረችው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የእሷ ሰውነት የሚበቃትን ያህል መሥራት አይችልም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው። እሱ ለረጅም ጊዜ ሲጎድልባት ዓይኗ ይፈዛል፣ ልቧ ይደክማል። ታዲያ በጾም ምን ትብላ? እኛ እንቁላል ቀቅለን እንሰጣታለን። በርበሬ ያልነካው ቋንጣም አስቀድመን እናደርቅላታለን። ወተቱስ? ድመትና ወተት በልጆች ተረት ላይ ተዛምደው ቀሩ እንጂ፣ ያደገች ድመት ብዙውን ጊዜ ወተት አይስማማትም፤ ሆዷን ያላላዋል። ውኃ ይሻላታል።

“አይጥ ትያዝ እንጂ፣ ለዚያ አይደል ያመጣናት?” ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ትይዛለች። ግን እስቲ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አሁንም ሲታወሰኝ ሆዴን ይበላኛል። ከውሮ በፊት አንዲት ግራጫ ድመት ነበረችን። በአንድ የመኸር ወቅት አይጥ ገብሱን ሲጨርስብን ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝተን ጎተራው ሥር አደረግን። ሦስተኛው ቀን ላይ ድመቷ እየተንገዳገደች መጣች፤ ከአፍንጫዋ ደም ይፈስ ነበር። መርዙን እሷ አልነካችውም። መርዙን የበላውን አይጥ ነው የበላችው። ልጆቼ ጓሮ ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ መርዝ ከቤቴ አልገባም። ወይ ድመት፣ ወይ መርዝ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጎተራ አይኖሩም። ሌላም አለ፤ ራስ ምታታችንን የምናስታግስበት ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ ነው። አዝነህ ግማሽ ፍሬ እንዳታጎርሳት።

ድመትን ካነሣን አይቀር፣ ፈረንጆች “የአቢሲኒያ ድመት” የሚሏት ዘር እንዳለች ሰምተሃል? ፀጉሯ የጥንቸል ዓይነት፣ ቀላ ያለ፣ ጆሮዋ ቀጥ ያለ። የሚወራው እንዲህ ነው፦ የእንግሊዝ ጦር በአውሮፓውያኑ 1868 ወደ መቅደላ ዘምቶ ሲመለስ አንድ መኮንን ዙላ የምትባል ድመት ይዞ ሄደ፤ ዘሯ ከዚያች መጣ ይባላል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የባሕር ዳርቻ ስም ነው። በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው የድመቶች ትርኢት ላይም የአቢሲኒያ ተብላ ቀርባለች። የኋላ ዘመን የዘረመል ምርመራ ግን ዘሯን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ወደ ሕንድ በኩል ይወስደዋል። እኔ ይህን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ደረስጌ ማርያም ናት፤ እዚሁ ስሜን ውስጥ፣ ቴዎድሮስ በእኛ አቆጣጠር በ1847 የነገሡባት። ከደረስጌ የተጀመረ ታሪክ መቅደላ ላይ አልቆ፣ ከዚያ የተዘረፈው መጽሐፍና ታቦት አልበቃ ብሎ የድመት ወሬ እንኳ ለንደን ተከትሎት ገባ። ውሮ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ተኝታለች።

ወደ ነብሮ እንመለስ። የምጨነቅበት ነገር ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ብዘገይ ታገሠኝ።

ልጅ ሳለሁ ዳባት አጠገብ ጎረቤታችን የነበረ እረኛ ልጅ ነበር፤ በእኔ ዕድሜ። አንድ ቀን ሜዳ ላይ የማያውቀው ውሻ ቁርጭምጭሚቱን ነከሰው። ትንሽ ጭረት ናት። በዚያው ቀን አንድ ጠቦት ስለጠፋበት እመታለሁ ብሎ ፈርቶ ንክሻውንም ደበቀ። ለእኔ ብቻ አሳየኝ፣ “ለማንም አትንገር” አለኝ፣ እኔም አልተናገርኩም። ቁስሉ ዳነ። ከወር በላይ ቆይቶ ግን ውኃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው እየተያዘ መጮኽ ጀመረ። ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አልቆየም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲሉ በሰማሁ ቁጥር እሱን አየዋለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያኑ 1884 በትግራይ፣ በዚህ በእኛው በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ በውሾች ላይ እንደ ተነሣ ተመዝግቧል። በዓመቱ፣ በጁላይ 1885፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ውሻ የነከሰውን ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አዳነ። ዘጠኝ ዓመት! የእኛ አገር እረኛ ዕድሜ። ፓስተር ያረፈበት ሴፕቴምበር 28 ዛሬ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው። ደመራው ተቃጥሎ፣ በጉ ታርዶ፣ ውሻው አጥንት ሲግጥ የሚውልበት ቀን። ታዲያ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ ከየት ይመጣል? መስቀል ሲደርስ ለልጆችህ ልብስ እንደምትገዛ ሁሉ ውሻህን አስከትብ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን ይወጋል፤ ከዚያ ባለሙያው በሚነግርህ መሠረት በየዓመቱ ይደገማል። ድመቷም እንዲሁ፤ ድመትም በሽታውን ታስተላልፋለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በዓለም በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፣ ከአሥሩ አራቱም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተበ ግን መተላለፉ ይቆማል። ውሾችን በጥይትና በመርዝ መጨረስ ይህን አላመጣም፤ የሞተው ውሻ ቦታ ላይ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይመጣል። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ከተነከሰ በኋላ ውሻ ሲያሳድዱ መዋል ምን ይፈይዳል?

ከተነከሰስ? ያን ጊዜ መሮጥ ነው፤ ግን መጀመሪያ ወደ ውኃ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ። አስራ አምስት ደቂቃ ከምታስበው ይረዝማል፤ ቡና ታጥቦ ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ ያለውን ጊዜ አስብ። ጭቃ፣ በርበሬ፣ ቅጠል አይደረግበትም። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ትልልቆቹ ሰዎች የሚፈሩት የድሮውን ነው፤ አገራችን ውስጥ ለብዙ ዓመት የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ ነበር። አዲሱ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት። ሆድ ስለሚወጋ ፈርቶ የቀረ ሰው ካወቅህ ይህን ንገረው። ጠበል መጠጣት፣ መጠመቅም አልከለክልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። መርፌው ግን አይቅር፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማንም አይመልሰውም። ውሻው የታወቀ ከሆነ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ ሕክምናው ግን እሱን አይጠብቅም።

ቆይ፣ እሳቱን ላስተካክለው።

አንድ ጊዜ አምቢኮ አድሬ ነበር። ከጨነቅ ቧሂትን ተሻግረህ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርደህ፣ እንደገና ወጥተህ ነው የምትደርሰው፤ ጉልበትህ እዚያው ይቀራል። ራስ ደጀን የሚወጡ እንግዶች የሚያድሩባት ናት። ያሳደሩኝ አዛውንት ሁለት ውሾች ነበሯቸው፣ ጎምላላ፣ ድምፃቸው ገደል የሚያስተጋባ። ማታ እሳት ዳር ስለ ክትባት አነሣሁባቸው። “ደባርቅ ለውሻ መርፌ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው ልጄ?” አሉኝ። “አለ፣ አባቴ” አልኳቸው። ዝም አሉና፣ “ውሻውን ይዤ ደባርቅ ስሄድ በጎቼን ከጅብ ማን ይጠብቅልኛል?” አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ውሻቸውን ስለማይወዱ አይደለም ያላስከተቡት። መንገዱ ቀናት ነው፣ ጠባቂውን ይዞ መሄድ ደግሞ በረቱን ባዶ መተው ነው። ስለዚህ መርፌው ወደ እሳቸው መሄድ አለበት። ለከብትና ለበግ ክትባት የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲወጣ፣ ለውሻም ይዞ እንዲወጣ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው፤ ካልጠየቅን ማን ትዝ ይለዋል? ክትባቱ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ ያ ነው አስቸጋሪው። ታንዛንያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ግን አንዱን የውሻ ክትባት 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ 6 ወር አቆይተው ኃይሉ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ታዲያ ስሜን ላይ 25 ዲግሪ መቼ ይሞቃል? ብርዱ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን እንጂ!

እሳቸው ጋ ያየሁት ሌላም ነበር። አንዲት በግ አንገቷን አዘንብላ በአንድ ቦታ ትዞር ነበር። አወቅሃት አይደል? አዙሪት። ስንቱ ሰው ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው ይላል። ነገሩ ግን ከውሻ የሚመጣ ነው። በበጓ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በጓ ስትታረድ ጭንቅላቷ ለማን ይጣላል? ለውሻ። ውሻው ያን ከረጢት ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ረጅም ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሹ ላይ ይወድቃል፤ ሌላ በግ ይግጠዋል፤ እንደገና አንጎል። ክቡ ይህ ነው፣ በጓ ከመዞሯ በፊት ነገሩ ራሱ ይዞራል። በጉበትና በሳንባ ላይ የምናየው ውኃ የቋጠረ እባጭም የዚህ ዘመድ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውንም ይይዛል፣ ውሻ አቅፎ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ልጅን። ክቡ የሚቆረጠው ቢላዋው በእጅህ ባለበት ሰዓት ነው፦ ጭንቅላቱን፣ እባጭ ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ ጥሬውን አትወርውርለት፤ ወይ ቀቅለው፣ ወይ አቃጥለው፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበረው። ፕራዚኳንቴል የሚባል የትል መድኃኒትም አለ፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ባለሙያው በሚለው መጠን ይሰጠዋል። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ውሾቻቸውን አዩ። “እኛው ነን እንግዲህ ያበላናቸው” አሉ።

ከዚያ በላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በአውሮፓውያኑ 1830ዎቹ ስሜንን ሲዞር አይቶ የሳይንስ ስም ሰጠው፤ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ በአገራችን በስሜን ስም። ዛሬ በመላው ዓለም ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ያም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። የስሜን ተራሮች ፓርካችን በአውሮፓውያኑ 1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ሲቆጠር፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ሰምተሃል። እና ከቀይ ቀበሮ ትልልቅ ጠላቶች አንዱ ማን ይመስልሃል? ነብር? ጅብ? የእኔና የአንተ ውሻ ይዞት የሚወጣው በሽታ ነው። በአውሮፓውያኑ 2003 ማብቂያና በ2004 ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ገደለ። በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ውሻ ሲከትብ የኖረው ለዚህ ነው፤ በ2018 ደግሞ ባሌ ላይ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎቹ ማብላት ጀመረ። የፍየል ሥጋ ቀርቦላቸው! አየህ፣ ነብሮ እዚህ በራፍ ላይ የሚወጋት አንዲት መርፌ ለልጄም፣ ለበጌም፣ እዚያ ጓሳው ውስጥ አይጥ ለሚያድነው ቀይ ቀበሮም ትደርሳለች። እኔ ነገሩን በዚህ ዓይን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ውሻ መያዝ ቀላል ነገር አልመስል ብሎኛል።

ቁንጫስ? ብለህ ሳትጠይቀኝ ልመልስ። ቁንጫ በውሻው ላይ ያለው ጥቂቱ ነው፤ እንቁላሉና እጩ ያለው መኝታው ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሻውን እያጠቡ መኝታውን መተው ወንፊት ላይ ውኃ እንደ መሙላት ነው። እኔ የሚተኛበትን የገብስ ጭድ በየሳምንቱ እቀይራለሁ፤ አሮጌው ይቃጠላል፤ ጨርቁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ገላውን የማጥበው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ፤ ማታ በዚህ ብርድ ማጠብ ማሳመም ነው። ለውሻ ተብሎ የሚሸጥ የቁንጫ መድኃኒት ደግሞ ድመት ላይ አይደረግም፤ ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ይገድላታል።

ሰንሰለቱን ግን አልወደውም። ቀን ሙሉ በአንዲት ክንድ ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ቢናከስ ማን ይፈርድበታል? “ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል” ይባል የለ። ማሰር ግድ ከሆነ በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥረህ ሰንሰለቱን በቀለበት እሱ ላይ አስገባው፤ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጥላና ፀሐይ ይመርጣል። ቡችላም ስትወስድ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትንጠቀው፤ ይጥባ፣ ከወንድሞቹ ጋር ይላፋ። ሲነክሱትና ሲነክስ ነው ጥርሱን መቆጠብ የሚማረው። ሴቷን ቡችላ ማን ይውሰዳት? ወንዱን ሁሉም ይሻማል፣ ሴቶቹ መንገድ ላይ ይጣላሉ፤ ዓመት ሳይሞላቸው እነሱም መንገድ ላይ ይወልዳሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት አለው፤ ጎንደር የሚወርድ ሰው ሴቷን ማምከን ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ቢመጣ ለሰፈሩ ሁሉ ውለታ ነው።

እና ልጆቻችን። የእኛ አገር ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ለምን ይሸሻል? ድንጋይ ሊያነሣ ነው ብሎ ነዋ። ከዓመት ዓመት ስለተወረወረበት ነው። የእኔ ትንሿ ልጅ በፊት ከሌሎቹ ጋር ትወረውር ነበር። አንድ ቀን ነብሮን በእጇ እንድታበላው አደረግኩ፤ መዳፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ስታነሣ አላየኋትም። አፉ ለስላሳ መሆኑን መዳፏ ያውቃል።

በረካው ደረሰ፤ ይህችንማ ሳትጠጣ አትሄድም። ጥሩ ናት፣ ቀጭን ናት፣ እንቅልፍ አትነሣም። ይኸው መሬቱን ሲመታ የሚሰማህ የነብሮ ጅራት ነው፤ ስሙን ስለጠራሁ ነው። ስትወጣ ዝም ብለህ አትለፈው። ጭንቅላቱን ከላይ አትንካው፣ አያምንህም። ዝቅ በልና እጅህን ከአገጩ በታች አቅርብለት፤ ያሽትትህ። በሚቀጥለው ስትመጣ አይጮኽብህም።